ጣሪያው የቀበሌ፣ ዝናቡ የእኔ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከሂርማታ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 37 ነው። ሁለት ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። መርካቶ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ።

የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ ተወልጄ ያደግሁትም እዚያው ነው። ኪራዩ በወር 18 ብር ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ቤተሰብ ነን፣ መሀለኛው የእኔ ነው። በአንድ በኩል ጡረተኛ አባት አሉ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። በሌላው በኩል ያለው ተከራይ ቤቱን ለተማሪዎች አከራይቶ እሱ ሌላ ሰፈር ይኖራል።

ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረው አምና ነው። ዘንድሮ ባሰበት። ዝናብ ሲጥል ሳፋና ባልዲ ደርድረን ነው የምናድረው። የጓዳው ግድግዳ ምርጊቱ ተራግፎ ማገሩ ይታያል፣ ወደ ውጭም ዘመም ብሏል። ቀበሌ ሁለት ጊዜ ሄጄ በቃሌ ነገርኳቸው። "በጀት የለም፣ ከቻልሽ ራስሽ ጠግኚው" አሉኝ። አናጺ አምጥቼ ሳስገምተው ቆርቆሮውንም እንጨቱንም ለመቀየር 38,000 ብር ጠየቀኝ። ሰኔ ላይ ዕቁብ ይደርሰኛል፣ 40,000 ብር ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ "በመንግሥት ቤት ላይ ብርሽን አታፍስሺ፣ ነገ በኮሪደር ልማት ያፈርሱታል፤ የግል ቤት ተከራዪ፣ የሦስቱን ወር እኔ እከፍልልሻለሁ" ይለኛል። የግል ቤት ግን አንድ ክፍል እንኳ ከማገኘው ግማሹን ይበላል።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ውሉ አሁንም በእናቴ ስም ነው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ኪራዩን በስሟ እየከፈልኩ ዝም ብያለሁ። በጽሑፍ ባመለክት "ተከራይዋ ሞታለች" ብለው ቤቱን የሚወስዱብኝ ይመስለኛል። ዝም ብል ደግሞ ግድግዳው ያስፈራኛል። ዝናብ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከጅማ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከጣሪያው ይልቅ ያስጨነቀኝ ያ ዘመም ያለው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ወደ ሕጉና ወደ ዕቁቡ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጆቹ የሚተኙት በየት በኩል ነው? በጓዳው በኩል ከሆነ ዛሬውኑ መኝታቸውን ወደ ሌላው ጥግ አዙሪው። ውሃው የሚወርደው በመብራት ገመድ ወይም በማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲጀምር ዋናውን አጥፊ። አንድ ማታ በሻማ ማምሸት ምንም አይደለም። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካለ በስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኪና ከነቀኑ እዚያው ጻፊው። በሳምንቱ መልሰሽ ለኪው። ከሰፋ ግድግዳው መሄዱን አላቆመም ማለት ነው። ያኔ ጓዳውን ባዶ አድርጊው። አናጺውም ጣሪያውን ትቶ መጀመሪያ ከውጭ በኩል በወፍራም ባሕር ዛፍ ይደግፈው። ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ፎቶው በኋላ ሌላ ሥራም ይሠራልሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ብዙ ሰው የቀበሌ ቤት ሲባል ውለታ የተዋለለት ይመስለዋል። ለዚህም ነው "ጠግኑልኝ" ለማለት አንገቱን የሚደፋው። አንቺም "ሁለት ጊዜ ሄጄ ነገርኳቸው" ስትይ ልመና ልመና ይሸታል። እህቴ፣ አንቺ ተከራይ ነሽ። ኪራዩ አነስተኛ ይሁን እንጂ ኪራይ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ለቀበሌ የደረሱት እንግዲህ ከመጀመሪያውም ርካሾቹ፣ ባብዛኛው ጭቃ ቤቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ አንቺው ቁጠሪው።

የቱ ጥገና የማን ነው ለሚለው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረቱን አስቀምጦታል። ቤቱ ለመኖሪያ እንዲበቃ አድርጎ የማቆየት ግዴታ የአከራዩ ነው። ተከራዩ በአኗኗር የሚበላሹትን ጥቃቅን ነገሮች ይጠግናል፦ በር፣ መስኮት፣ ወለል፣ የውሃ ቧንቧ፣ እነዚህንና የመሳሰሉትን። እነዚህም ቢሆኑ የተበላሹት በቤቱ እርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ከተከራዩ ላይ ይወርዳሉ። በዕድሜ ብዛት የዛገ ቆርቆሮ፣ የበሰበሰ ወራጅና ያዘመመ ግድግዳ እንግዲህ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ውልሽ ወይም የከተማው መመሪያ የተለየ ነገር ሊጨምር ስለሚችል፣ የእናትሽን ውል አውጥተሽ ስለ ጥገና የሚለውን አንቀጽ አንብቢው። ለመሆኑ ውሉ እጅሽ ላይ አለ? ከሌለ ፋይሉ ቀበሌ ስለሚኖር ቅጂ ጠይቂ።

አንቺም ግን ያለብሽ ግዴታ አለ፣ እሱን አልሸፍንልሽም። ቤቱ አስቸኳይ ጥገና ሲፈልግ ለአከራዩ ማሳወቅ የተከራይ ግዴታ ነው። በቃል የነገርሻቸው የትም አልተመዘገበም። ነገ ግድግዳው ቢወድቅ "ማን ነገረን?" ሊሉሽ ይችላሉ፤ መልስ የለሽም።

"በጀት የለም" ያሉሽን ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 18 ብር በዓመት 216 ብር ነው። ሦስታችሁም እኩል ብትከፍሉ 648 ብር። ከአንድ ጣሪያ በዓመት 648 ብር የሚሰበስብ አከራይ ያንን ጣሪያ ከኪራዩ አይቀይርም። ከሌላ በጀት ካላመጣ በቀር አይችልም። ይህ ከግዴታው ነጻ አያወጣውም። ግን በእነሱ ተስፋ ብቻ ክረምቱን መጠበቅ እንደማያዋጣሽ ይነግርሻል። አንዳንድ ሰው ደግሞ "ጠግኚና ከኪራይ ይታሰብልሽ" ሊልሽ ይችላል። 38,000 ብር በወር 18 ብር እየታሰበ ቢመለስልሽ ወደ 176 ዓመት ይፈጃል። የልጅ ልጆችሽም አይደርሱበት።

ስለዚህ ወንድምሽ ግማሽ እውነት አለው። ዕቁብሽን እንዳለ አውጥተሽ የመንግሥትን ጣሪያ አታድሺ። በሌላው ግማሽ ግን አልስማማም። ሦስት ወር እሱ ይከፍላል፣ በአራተኛው ወርስ? የገቢሽን ግማሽ የሚበላ ኪራይ ውስጥ ገብተሽ፣ ከዚያ ወደኋላ ልመለስ ብትይ ይህን ቤት አታገኚውም። የቀበሌ ቤት አንዴ ከለቀቅሽው ለቀቅሽው ነው። ወንድምሽ በክፋት እንዳልተናገረ አውቃለሁ፤ ከሩቅ ሆኖ የሚጨነቅ ሰው "ውጪ" ማለት ይቀለዋል። ያንን የሦስት ወር ብር ለምን ሌላ ነገር ላይ እንዲያውለው አትጠይቂውም? ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ዋናው ነገር ያ ለማንም ያልነገርሽው ነው። የስሙ ጉዳይ።

አራት ዓመት በሟች ስም መክፈል ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። ደረሰኝ በተቀበልሽ ቁጥር የእናትሽን ስም ማየት አለ። ስሙን መቀየር ደግሞ እሷን እንደገና መቅበር መስሎ የሚሰማው ሰው ብዙ ነው። አንቺም ዝም ያልሽው ከፍርሃቱ ሌላ ይህም ኖሮበት ይሆን? ከሆነ ለራስሽ ማመኑ ሥራውን ያቀልልሻል።

አሁን ፍርሃቱን እንየው። የቀበሌ ቤት እንደ ርስት አይወረስም፣ ባለቤቱ መንግሥት ነውና። የተከራይነት መብቱ ግን ከሟች ጋር አብረው ይኖሩ ለነበሩ ቤተሰቦች እንዲዛወር የሚጠየቅበት አሠራር አለ። አንቺ ተወልደሽ ያደግሽው እዚያ ነው። መታወቂያሽ የዚያው ቀበሌ ነው። ኪራዩ አልተቋረጠም። ከውጭ መጥቶ ቤት ከያዘ ሰው ጋር አንድ አይደለሽም። ያሰጋኛል የምለው የመዘግየቱ ነገር ነው። ሰው ጠቁሞብሽ ወይም ለቆጠራ መጥተው ከሚያገኙሽ፣ አንቺው ቀድመሽ ሄደሽ "እናቴ አርፋለች፣ ውሉ ወደ እኔ ይዛወርልኝ" ብትይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲነሱ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ያገኙት ሕጋዊ ውል ያላቸው ተከራዮች ነበሩ። ጅማ ላይም እንዲሁ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ነገር ግን ወንድምሽ እንደሚለው ኮሪደሩ ቢመጣ፣ መዝገብ ላይ የምትገኘው በሕይወት የሌለች ሴት ብትሆን የሚጎዳው ማን ነው?

እንዲህ ብታደርጊ እመክርሻለሁ። መጀመሪያ ወረቀቶቹን ሰብስቢ። የእናትሽ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ልጅነትሽን የሚያሳይ ማስረጃ ወይም የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ መታወቂያሽ፣ እስካሁን የከፈልሽባቸው ደረሰኞች፣ ውሉ ካለም ውሉ። የጠፋ ደረሰኝ ቢኖር አትጨነቂ፣ ያለውን ይዘሽ ቅረቢ። ከዚያ ቀበሌ ከመሄድሽ በፊት ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ያለውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ። አቅም ለሌለው ሰው ያለ ክፍያ ያማክራሉ፣ ማመልከቻም ያዘጋጃሉ። ስለ ውል ማዛወሩ መመሪያው አሁን ምን እንደሚል እነሱን ጠይቂያቸው፤ የሰፈር ወሬ ይዘሽ አትሂጂ። ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ጥሩ ነው፣ የቢሮው የሥራ ቋንቋ ነውና። ይተርጎም እየተባለ ከሚመላለስ አንዴ ያልቅልሻል።

ሁለት ማመልከቻ አድርጊው። ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ወረቀት አትደባልቂ። አንዱ የውል ዝውውር ነው። ሌላው የጥገና ነው፤ እሱ ስሙ እስኪዛወር ቆሞ አይጠብቅ፣ ክረምቱ አይጠብቅምና። በጥገናው ላይ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ መሐንዲስ ወይም ባለሙያ መጥቶ ቤቱን አይቶ ሪፖርት እንዲያደርግ፣ ቀበሌው እንዲጠግነው፣ መጠገን ካልቻለ ደግሞ አንቺ አስቸኳዩን ብቻ እንድትጠግኚ በጽሑፍ እንዲፈቅድልሽ። ፎቶዎቹን አሳትመሽ አያይዢ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፣ አንዱን መዝገብ ቤት ተቀብለው በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ያድርጉልሽ። "ተይው፣ እናየዋለን" ቢሉሽ ፈገግ ብለሽ "ቁጥሩን ብቻ ስጡኝና እሄዳለሁ" በያቸው። ከእነዚያ ሰዎች ጋር መጣላት አያስፈልግም። ነገም ፊት ለፊት የምትተያዩ ናችሁ።

የጽሑፍ ፈቃዱን አቅልለሽ አትይው። "ራስሽ ጠግኚው" ያለሽ ሠራተኛ ነገ ሊቀየር ይችላል። የሚተካው ደግሞ "ያለ ፈቃድ ግንባታ" ብሎ ሊያስቆምሽ ይችላል። ያለ አከራይ ፈቃድ ያወጣሽውን ብር መልሱልኝ ማለትም አስቸጋሪ ነው። ፈቃዱ ውስጥ የሚጠገነው ነገር በስም ይጻፍ፤ ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ አሸንዳ እየተባለ። በዚያው ጓዳውን ትንሽ ላስፋው የሚል ሐሳብ ካለሽ ለአሁኑ ተይው። ብዙ ሰው የሚያዘው በዚች በጨመራት ክፍል ነው።

ባለሙያው መጥቶ "ቤቱ አደገኛ ነው፣ ልቀቁ" ቢልስ? ይህን መፍራትሽ አያስገርምም። ግን እንዲህ አስቢው። ቤቱ አደገኛ ከሆነ ሪፖርት ባይጻፍም አደገኛ ነው። በጽሑፍ ከመጣ ግን "እንግዲያው ተለዋጭ ቤት ስጡኝ" ብለሽ የምትጠይቂበት ወረቀት ይሆናል። በቃል ልቀቂ ቢሉሽ አትልቀቂ፣ ደብዳቤ ጠይቂ። መልስ ሳይሰጡሽ ሳምንታት ካለፉ ማህተም ያለበትን ቅጂ ይዘሽ ወደ ከተማው አስተዳደር ቅሬታ ሰሚ ውጪ። ከዚያም ካለፈ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል ለሚል ሰው ያለ ክፍያ አቤቱታ ይቀበላል።

ወደ ጎረቤቶችሽ ልምጣ። ጣሪያው አንድ ነው። መሀሉን አንቺ ብትቀይሪው ከግራና ከቀኝ የሚገባው ውሃ በእንጨቱ ላይ ሄዶ አንቺው ጋር ይወርዳል። ጋሼን ቡና ጠጡ ብለሽ ጥሪያቸውና አብረው እንዲፈርሙ ጠይቂ። የሁለት ቤት ማመልከቻ ከአንድ ይሻላል፣ የሽማግሌ ፊርማ ደግሞ ክብደት አለው። እሳቸው ጋርም ያፈስ ይሆናል፤ ለማን እንደሚናገሩት ጨንቋቸው ይሆናል። ያኛው፣ ቤቱን ለተማሪዎች ያከራየው፣ አይፈርምም። የቀበሌ ቤት ማከራየት ስለማይፈቀድ ስሙን የትም ማየት አይፈልግም። በማመልከቻሽ አንድም ቃል ስለ እሱ አትጻፊ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። በዕድሩ ሽማግሌ በኩል ግን መልእክት ላኪበት፦ "ፊርማህን አንፈልግም፣ የቆርቆሮ ድርሻህን አዋጣ።" ከተማሪዎቹ ከ18 ብር በጣም የሚበልጥ እንደሚቀበል እሱም አንቺም ታውቃላችሁ። (እንዲህ ያለው ሰው ብር ሲባል ከፊርማ ይልቅ ይቀለዋል።)

ዘንድሮ ምን ይጠገን? እኔ አናጺ አይደለሁም፣ ግን ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ለማሰብ አናጺነት አይጠይቅም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። የሦስታችሁ ጣሪያ ተደምሮ 60 ካሬ ሜትር ቢሆን በዓመት ወደ 90,000 ሊትር ውሃ ይወርድበታል። አሸንዳ ከሌለው ያ ሁሉ ውሃ የሚዘንበው በጭቃው ግድግዳ እግር ላይ ነው። ምርጊቱን የሚያራግፈው፣ መሬት የገባውን እንጨት የሚያበሰብሰው፣ ግድግዳውንም የሚያዘምመው ይኼ ነው። አሸንዳ አለው? ካለስ አልተደፈነም? ከግድግዳው ሥር ውሃው የሚሄድበት ቦይ አለ? አዲስ ቆርቆሮ አልብሰሽው ከሥር ውሃው ከቆመ ግድግዳው መሄዱን አይተውም። ስለዚህ አናጺውን መልሰሽ ጥሪና ግምቱን ከፋፍሎ ይስጥሽ። ለአሸንዳና ለቦይ ስንት? ለግድግዳው ድጋፍና ምርጊት ስንት? በጣም የዛጉትን ቆርቆሮዎች ብቻ ቀይሮ ሌላውን በሚስማርና በማሸጊያ ለመያዝ ስንት? ሌላ አናጺም ጠይቂ። የመጀመሪያው ሰው ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም። ዕድሩ ያረጀ ሸራ ካለው ለክረምቱ በትውስት ጠይቂ፤ ለልቅሶ የማይወጣ ቀዳዳ ሸራም በቆርቆሮ ላይ ተወጥሮ ጊዜ ያሻግራል።

የወንድምሽ ብር የሚገባው እዚህ ነው። ደውለሽ እንዲህ በይው፦ "ቤቱን አልለቅም፣ ግን በምክርህ የዕቁቡን ብር እንዳለ አላፈስም። ለሦስት ወር ኪራይ ያሰብከውን ለአሸንዳውና ለግድግዳው አግዘኝ።" ስለ እናታችሁ ስምም ንገሪው። እሱም ልጇ ነው፣ የወራሽነት ማረጋገጫው የእሱንም ቃል ሊፈልግ ይችላል። ደግሞ ይህን ያህል ነገር ብቻሽን ተሸክመሽ መቆየትሽን ቢያውቅ ምክሩም የሚለወጥ ይመስለኛል።

ዕቁቡ ሲወጣ ከብሩ ላይ የግል ቤት የሁለትና የሦስት ወር ኪራይ የሚሆን ቀንሰሽ ባንክ አስቀምጪ። ያንን ለጣሪያም ለምርጊትም አትንኪው። ግድግዳው አንድ ቀን አላስቀምጥ ቢልሽ ልጆችሽን ይዘሽ የምትወጪበት ነው። ከቀረው ደግሞ የጽሑፍ ፈቃዱ እጅሽ ሲገባ አስቸኳዩን ሥሪበት። እስከዚያው የእርሳስ ምልክቱን በየሳምንቱ ለኪው። ቀበሌ ስትሄጂም ልኬቱን ከነቀኑ ጽፈሽ ውሰጂላቸው፤ በሳምንት ይህን ያህል ሰፋ የሚል ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው "በጀት የለም" ብሎ መሸኘት ይከብዳል።